በ‹ዩ› የተጻፈች ወልድያ

መርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ማንጎና ዘይቱን ደርድረው ከሚሸጡት ሴቶች ኋላ፣ አንድ በር ብቻ ያላት ጽሕፈት ቤት አለች። ባለቤቷ ወንዳወቅ ገበየሁ ይባላል። ሰባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ፊት በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒዩተር፣ የሀብሩ ወረዳ ሰው ወረቀት በእጁ ያላለፈ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማመልከቻ ይጽፋል፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ከታች ስሙና አድራሻው ያለበትን ማኅተም ያሳርፍበታል። ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆችም፣ በውርስ የሚካሰሱ ወንድማማቾችም፣ “ወንዳወቅ ከጻፈው ስሕተት አይገኝበትም” ይሉ ነበር።

እሱም ይህን ያውቅ ነበር። እንደውም ከሚገባው በላይ ያውቀው ነበር።

ከሁሉ የሚኮራው በከተማ ስም ነው። አገሩ ሁሉ ወልድያን በፈረንጅ ፊደል ሲጽፍ በ‹ደብሊዩ› ሲጀምር፣ ወንዳወቅ በ‹ዩ› ይጀምራል። ቆቦን በ‹ሲ› ጀምሮ ‹ቢ›ዋን ይደግማል። ውጫሌንማ ‹ሲ› በ‹ሲ› ላይ እየደራረበ የሚጽፋት አንባቢ ግራ እስኪጋባ ነው። ለምን ብሎ ለጠየቀው መልሱ አንድ ነበር፤ “የዓለም አጻጻፍ ይኼ ነው። ያንተ የሰፈር ነው።” አንድ ጊዜ ባጃጁ ጀርባ ላይ የወልድያን ስም በ‹ደብሊዩ› ያስጻፈ ወጣት መንገድ ዳር አስቁሞ፣ ተሳፋሪ እየሰማ፣ ገና ያልደረቀውን ቀለም እንዲያስጠፋ መክሮታል። ልጁም እሺ ብሎ አስጠፋው።

ይህን ዕውቀት ያገኘው ከአባቱ ነው። አባቱ አቶ ገበየሁ ወልድያ ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። በቆርቆሮ ሣጥን ያኖሯት ካርታ ነበረቻቸው፤ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው እያሳዩ የላቲን ፊደል ያስቆጠሩት በእሷ ነው። “ፈረንጅ አገራችንን እንዲህ አድርጎ ነው የሚጽፋት” ይሉት ነበር። የትኛው ፈረንጅ እንደሆነ አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የሰፈር ልጆች “የባንዳ ልጅ” ብለውት ተደባድቦ አፍንጫው ደምቶ ገባ። አባቱ ፊቱን አጠቡት። ምን አሉህ አላሉትም። ወንዳወቅ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ካርታዋ መጠየቅ ያለበትን ነገር ሁሉ ተወው። አባቱ ሲሞቱ ካርታዋን ወረሰ፤ ሥራ ፍለጋ መርሳ ሲወርድም ይዟት ወረደ።

በ2011 ዓ.ም ግንቦት ላይ ጀብሪል የሚባል፣ መርሳ አጠገብ ጊራና የሚኖር ብርቱካን አብቃይ ሴት ልጁን ሳሚራን ይዞ ጽሕፈት ቤቱ መጣ። ሳሚራ በመስኖ ምሕንድስና በማዕረግ ተመርቃ፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን ወጪ ችሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ሊወስዳት ተስማምቶ ነበር። የቀራት የልደት ማስረጃዋ ትርጉም ብቻ ነው። የተወለደችው ወልድያ ሆስፒታል ነው። ወንዳወቅ ተረጎመ፣ አተመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ቀና አለች።

“ጋሽ ወንዳወቅ፣ ፓስፖርቴ ላይ ወልድያ በ‹ደብሊዩ› ነው ያለችው። አንድ ዓይነት ቢሆን አይሻልም?”

“ፓስፖርትሽን የጻፈው ልጅ አላወቀማ” አላት ፈገግ ብሎ። “እኔ የተሳሳተ ነገር ላይ ማኅተሜን አላሳርፍም።”

“ቢሆንም ሁለቱ ከሚለያዩ…”

አባቷ ጣልቃ ገባ። “ተይ እንጂ አንቺ ልጅ። አንቱ ያውቃሉ፤ እንዳሉት ይሁን።”

ሳሚራ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሦስት ሳምንት ሲሆነው ወንዳወቅ በማኅተሙ ላይ ባለው የኢሜይል አድራሻ ደብዳቤ ደረሰው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ነው። አነጋገሩ ትሑት ነበር። በትርጉምዎ ላይ ያለው የትውልድ ከተማና በአመልካችዋ ፓስፖርት ላይ ያለው አይመሳሰልም፤ ሁለቱ አንድ ከተማ ናቸው ወይ? በአንድ መስመር ቢያረጋግጡልን ይበቃል፤ እስከ ዓርብ ድረስ እንጠብቃለን ይላል።

አንድ መስመር ነበር የሚፈለግበት። “አዎን፣ አንድ ናቸው” ቢል ያበቃ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ብሎ መጻፍ የሁለቱን አጻጻፍ እኩልነት መቀበል መሰለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መምህርንም ባለባጃጅንም ያረመ ሰው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ምሁር ፊት “ያም ይሆናል፣ ይኼም ይሆናል” ሊል ነው? ተቀምጦ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ትክክለኛው አጻጻፍ የእኔ ነው፤ ያንኛውን የጻፈው ሰው የከተማዋን ስም አያውቅም፤ ስለዚያ ሰነድ ልመሰክር አልችልም አለ። የመላኪያውን ቁልፍ ሲጫን ልቡ ሞቅ ብሎት ነበር። ያደንቁኛል ብሎ ነው የጠበቀ። እነሱ ግን የገባቸው ሌላ ነው፤ የልጅቱ የገዛ ራሷ ተርጓሚ ፓስፖርቷን ካደው።

በዚህ መሐል ጊራና ላይ ጀብሪል የልጁን ሽኝት ዱዓ አስደረገ። በግ ታረደ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መረቁ። በሳምንቱ ለሳሚራ አጭር መልእክት መጣላት። ሰነዶችዎ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ቦታው ለሌላ አመልካች ተሰጥቷል ይላል። የትኛው ሰነድ ከየትኛው እንዳልተስማማ አልተገለጸም።

አባትና ልጅ በማግስቱ ወንዳወቅ ዘንድ መጡ። ልጅቱ ቆማ ነው የጠየቀችው።

“ጋሽ ወንዳወቅ፣ ስለ እኔ ወረቀት የጠየቀዎት ሰው ነበር?”

ወንዳወቅ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ደብዳቤው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተከፍቶ እንደተቀመጠ ነበር፤ ስክሪኑ ወደ እሱ የዞረ ስለሆነ አይታያቸውም።

“የለም” አለ።

በዚህ ቢያበቃ እንኳ አንድ ነገር ነው። ዝምታው ከበደውና ጨመረበት። “ምናልባት ውጤቷን አይተው ይሆናል። እነሱ እኮ በውጤት ጉዳይ አይምሩም።”

ጀብሪል ዞሮ ልጁን አየ። ሲወጡ ጀብሪል የወንዳወቅን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ “አላህ ይስጥልን፤ አንቱ የቻሉትን አድርገውልናል” ብሎ አመሰገነ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጽሕፈት ቤቷ ተዘረፈች፤ ኮምፒዩተሩም ማተሚያውም ተወሰደ። ወንዳወቅ ከባለቤቱ ከባይነሽ ጋር ተሰድዶ ሲመለስ የተሰበረ ወንበርና የተበተነ ወረቀት ነው ያገኘው። ከልጆቹ በተላከለት አሮጌ ኮምፒዩተር ሥራ ጀመረ። ኢሜይሉን ሲከፍት የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤና የእሱ መልስ እንዳሉ ናቸው። ሌባ የማይወስደው ነገር መሆኑ አስገረመው። ብዙ ጊዜ ሊያጠፋው እጁን ዘርግቶ መልሶታል። የጊራና ሰው ወረቀት ሊያስጽፍ ሲመጣ ዓይኑን ከማሽኑ አይነቅልም። ባይነሽ ይህን አይታ፣ “ምን ነካህ፣ ሰው ሰላም ሲልህ ቀና አትልም?” ብትለው ዓይኔ ደክሟል አላት።

በ2016 ዓ.ም መጋቢት ላይ ወልድያ የሚያስተምር ናትናኤል የሚባል ወጣት መምህር መጣ። የአካባቢው ከተሞች ስም በሰሌዳ፣ በወረቀትና በካርታ ላይ እንዴት እንዴት ሲጻፍ እንደኖረ እየሰበሰበ ነው። መርሳ ላይ በ‹ዩ› የሚጽፍ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። ወንዳወቅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አለው። ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አስመጣለት፣ ከቤት ካርታዋን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት።

ናትናኤል ጎንበስ ብሎ ከታች በኩል ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ደስታም ጥንቃቄም ነበር።

“ጋሼ፣ ይቺ የጣሊያን ጦር ካርታ ናት። በወረራው ሁለተኛ ዓመት የታተመች።”

“የፈረንጅ መሆኗንማ አውቃለሁ።”

“እሱማ አዎ። ግን ጣሊያኖች በራሳቸው ቃል ‹ደብሊዩ› አይጽፉም፤ ‹ወ› የሚለውን ድምፅ በ‹ዩ› ነው የሚጽፉት። የራሳቸው ወታደር እንዲያነበው ብለው ወልድያን በ‹ዩ› ጀመሯት። ውጫሌ ላይ ‹ሲ› የሚደራርቡትም ለዚያው ነው።”

“የዓለም አጻጻፍ አይደለም?”

“አይደለም ጋሼ። እነሱ ሲወጡ አብሯቸው የጠፋ ነው። ዛሬ በ‹ደብሊዩ› ነው የሚጻፈው። እሱም ቢሆን ገና አልተስማማንም፤ አንዱ ቀጥሎ ‹ኦ› ያስገባል፣ አንዱ ‹ኢ›፣ አንዱ መጨረሻ ላይ ‹ዋይ› ይጨምራል። በ‹ዩ› የሚጀምር ግን በሕይወት ያለ ሰው ከእርስዎ በቀር አላገኘሁም።” ወጣቱ ሳቅ አለ። ክፋት አልነበረበትም።

ወንዳወቅ አልሳቀም። ናትናኤል ካርታዋን በጣቱ ሲከታተል ቆየና ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። “ይኼስ በእርሳስ የተጻፈው?”

በየመንደሩ ስም ሥር ትንንሽ ቁጥር አለ። ከዳር በኩል በአማርኛ “የተሰበሰበ ጠመንጃ” የሚል ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ ያማረ፣ የተስተካከለ። ወንዳወቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶት ነበር። አንብቦትም ነበር። አንብቦ እንዳላነበበ መኖር እንደሚቻል በዚያች ቅጽበት ነው ያወቀው።

“የማን ጽሕፈት ነው?”

“የአባቴ ነው” አለ። ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። “ለጣሊያኖቹ ጸሐፊ ነበር፤ ከየመንደሩ የቀሙትን ጠመንጃ ይመዘግብላቸው ነበር።”

ናትናኤል፣ “ብዙ ሰው ተገድዶ ሠርቷል ጋሼ” አለ።

“ተገድዶ ይሁን ወድዶ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።”

ወጣቱ ከሄደ በኋላ ወንዳወቅ ደንበኛ እየመለሰ እስከ ማታ ተቀመጠ። ልቡን የበላው የአባቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ባለባጃጁን አሰበ፤ በሰው ፊት ያረማቸውን አሰበ፤ ሲያስብ ሲያስብ ሳሚራ ላይ ደረሰ። ለገዢ ወታደር ምላስ ተብላ ለተጻፈች ፊደል ብሎ ነው የልጅቱን መንገድ የዘጋው። ከዚያም ዋሸ።

ቤት ገብቶ ለባይነሽ ሁሉን ነገራት። እሷ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

“ያባትህ ባባትህ ይቅር” አለች። “የልጅቱ ግን ያንተ ነው። ሂድና ንገራት።”

“ምን ብዬ?”

“አሁን ለእኔ እንዳልከኝ።”

ለመሄድ አሥር ቀን ፈጀበት። ሁለት ጊዜ የጊራና ባጃጅ ወደሚቆምበት ሄዶ ተመልሷል። በሦስተኛው ተሳፈረ። የደብዳቤውንና የመልሱን ቅጂ አትሞ በኪሱ ይዟል።

ሳሚራ የመስኖ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆና ነበር። የውኃ ተራ የምትደለድለው እሷ ናት። ቦዩ አፋፍ ላይ ደብተር ይዛ ተራዬ ተዘለለ ከሚል ገበሬ ጋር ስትከራከር አገኛት። ማንጎ ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ገበሬው ሲሄድ ቀርቦ ሰላም አላትና፣ ሳይቀመጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። የአባቱንም አልደበቀም። ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን አንዴ ትከድናለች፣ አንዴ ትከፍታለች።

“ደብዳቤው አለ?” አለች ሲጨርስ።

ሰጣት። የዩኒቨርሲቲውን አነበበች። ከዚያ የእሱን መልስ በእንግሊዝኛ እያየች በአማርኛ አነበበችለት። “‹ያንኛውን የጻፈው ሰው የከተማዋን ስም አያውቅም። ስለዚያ ሰነድ ልመሰክር አልችልም።›”

“አጥፍቻለሁ” አላት።

“እኔ ውጤቴ ነበር የመሰለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ውጤቴ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቦታ አላመለከትኩም።”

“አውቃለሁ።”

“አያውቁም” አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። “ውጤት ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። አባቴ ፊት።”

ወንዳወቅ ይቅርታ አድርጊልኝ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

“የይቅርታውን ነገር ኋላ እናየዋለን። አባቴ ቤት ነው። ለእሱ ይንገሩት። እኔ ብነግረው ሰበብ ይመስለዋል።”

ጀብሪል ወንዳወቅን ሲያይ ከመደቡ ተነሥቶ ተቀበለው። ሰላምታው ረዥም ነበር። እንደምን ከረሙ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ በዚያ ዘመን እንደምን ተረፉ እያለ ቀዝቃዛ ውኃ አስቀዳለት፣ የተላጠ ብርቱካን አቀረበለት። ያ ሁሉ ደግነት በወንዳወቅ ላይ እንደ ድንጋይ ተጫነ። ብርቱካኑን ሳይነካ ተናገረ። ሳሚራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

የሙስበሃውን ዶቃ ይቆጥር የነበረው የጀብሪል ጣት ቆመ።

“ያን ቀን ከአንቱ ቤት ወጥተን ስንመለስ ይቺን ልጅ መንገድ ላይ ምን እንዳልኋት ያውቃሉ?”

“አላውቅም።”

“‹እንደሳቸው ያለ ሰው አይዋሽም፤ የዋሸሽኝ አንቺ ነሽ› ነው ያልኋት። ውጤቷን ደብቃኝ መስሎኝ። የሰፈር ሽማግሌ አስመርቄ አፍሬ ስለነበር… ብዙ ነገር አልኋት።” ወደ በሩ ሊያይ ፈለገና አንገቱ እንቢ አለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን እያዩ ተቀመጡ። ሳሚራ ከበሩ ላይ ዞር አለች።

“አሁን ይሂዱ” አለ ጀብሪል በመጨረሻ። “ከአፌ ክፉ ቃል ሳይወጣ ይሂዱ።”

እንግዳ ሲሄድ እስከ ደጅ መሸኘት የአገሩ ወግ ነው። ጀብሪል ከተቀመጠበት አልተነሣም። ወንዳወቅ ብቻውን ወጥቶ ባጃጅ ሳይጠብቅ የመርሳን መንገድ በእግሩ ተያያዘው።

በዚያው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ከተማ ናቸው፤ አጻጻፌ ከጣሊያን ወረራ ጊዜ የተረፈ ነው፤ አመልካችዋ ስትጠይቀኝም እውነቱን አልነገርኳትም አለ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ አጥፍቶ፣ መልሶ ጻፋት። መልሱ በወሩ መጣ። ያ ቦታ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ነገር ግን ደብዳቤዎን ከመዝገቧ ጋር አያይዘናል፣ እንደ አዲስ ማመልከት ትችላለች ይላል። ሳሚራ ጽሕፈት ቤቱ መጥታ ማመልከቻውን በገዛ እጅዋ ሞላች፤ እሱ ወንበሩን ለቅቆላት ቆሞ ጠበቀ። አልተሳካላትም። ተወዳዳሪው በዝቶ ነበር አሏት። በቀጣዩ ዓመት ግን ወልድያ ላይ በቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ገባች። አምስት ዓመት ዘግይታ፣ ከእሷ በታች ከተማሩ ልጆች ጋር።

ናትናኤል ካርታዋን ለትምህርት ቤቱ ለምኖ ነበር። ወንዳወቅ ብዙ አመነታ። ሰጠው፤ ሲሰጠውም፣ “በእርሳስ የተጻፈው የማን እንደሆነ አብረህ መዝግብ። ገበየሁ በል” አለው።

ከዘረፋው የተረፈውን የመዝገብ ደብተር አውጥቶ ትርጉም የሠራላቸውን ሰዎች እየፈለገ ስሕተቱን ሊነግራቸው መደወል ጀመረ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋበታል። ሐራ ከተማ ያለች ነኢማ የምትባል ሴት፣ ልጅዋ በዐረብ አገር በዚያች ወረቀት ምክንያት ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ነገረችው፤ ከዚያ ለምን አሁን ይነግሩኛል ብላ አለቀሰች። ወረቀቱን አስተካክሎ ራሱ ሐራ ድረስ ወሰደላት። ጣቶቹ ዛሬም ወልድያ የሚለው ስም ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ‹ዩ› ላይ ይሄዳሉ፤ ያጠፋና እንደገና ይጽፋል።

ጀብሪል በገበያ ቀን ብርቱካን በአህያ ጭኖ በጽሕፈት ቤቷ ደጅ ያልፋል። ወንዳወቅ ባየው ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል። ጀብሪል ዞር ብሎ ሳያይ ያልፋል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። ባለፈው ሰኔ ግን አህያውን አቁሞ ወደ በሩ ቀረበ። አልገባም። ሰላምታም አልሰጠ።

“ልጅቱ ዛሬ ወልድያ ፈተና አለባት” አለ። “አንቱም በሃይማኖትዎ ይጸልዩላት።”

ይህን ብሎ አህያውን ነድቶ ሄደ። ወንዳወቅ እንደቆመ ቀረ። ቢረግመው ይቀለው ነበር። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ “ጋሼ፣ ምነው ደህና ነዎት?” ሲለው ነው ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ልጅቱን በስሟ ጠርቶ የጸለየላት።